«የካርቦን ኳንተም ነጥብ»፦ በአንድ ስያሜና በተከታዮቹ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

አንድ የውጭ ሙያዊ ቃል ወደ አማርኛ በሚገባበት ጊዜ ክርክራችን አብዛኛውን ጊዜ በቅርጹ ላይ ያተኩራል። ቃሉ እንዳለ ይወሰድ ወይስ ይተርጎም? ከግእዝ ይፍለቅ ወይስ ከሕዝቡ አንደበት ይለቀም? እነዚህ ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው፤ በዚህ ሙያ የቆየን ሁሉ ብዙ ቀለም አፍስሰንባቸዋል። ነገር ግን ከእነርሱ አስቀድሞ ሊነሣ የሚገባው፣ እኛ እንደሚመስለን ግን ዘወትር የሚዘለል፣ ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም ስያሜው በመጣበት ቋንቋ ውስጥ ስለ ነገሩ እውነቱን ይናገራል ወይ የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ በአንድ ስያሜ ላይ እንፈትነዋለን። ስያሜው ቃል በቃል ሲተረጎም «የካርቦን ኳንተም ነጥብ» ይሆናል፤ የሚያመለክተውም ኤሌክትሪክን ወደ ብርሃን፣ ብርሃንንም ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጡ መሣሪያዎች ውስጥ እንዲያገለግል ተመራማሪዎች ብዙ የሚደክሙበትን አንድ ረቂቅ ቁስ ነው።

ነገሩን ሳያውቁ ስሙን መተቸት አይቻልምና በመጀመሪያ ነገሩን እንግለጽ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ በደቡብ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ኬሚስቶች በኤሌክትሪክ ቅስት ከተገኘ ጥላሸት ውስጥ የካርቦን ናኖ ቱቦዎችን አጣርተው ለማውጣት ሲሠሩ ያላሰቡት ነገር ተለይቶ ወጣላቸው፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት በልዩ ልዩ ቀለም የሚፈካ የካርቦን ብናኝ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ በክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ያ-ፒንግ ሰንና ባልደረቦቹ ግራፋይትን በሌዘር በመምታት ተመሳሳይ ቅንጣት ሠሩ፤ ገጹን በፖሊመር ሲሸፍኑትም ፍካቱ ጎልቶ ታየ። በ2007 ከሻማ ጥላሸት፣ በ2012 ደግሞ በህንድ ከብርቱካን ጭማቂ መሥራት ተቻለ። የቅንጣቱ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ናኖሜትር በታች ነው፤ አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል መሆኑን ያስታውሷል። ቁም ጸሐፊዎቻችን ለጥቁር ቀለም ያዋሉት ጥላሸት እዚህ የብርሃን ምንጭ ሆኖ መገኘቱ ልብን የሚስብ ነው፤ ለስያሜ ሥራ ግን ይህ አይበቃም።

ቁሱ የተፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከእርሱ ቀድመው የታወቁትና በብርሃናቸው ጥራት የተመሰገኑት ቅንጣቶች ካድሚየም የሚባለውን መርዛማ ብረት የያዙ ነበሩ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግም፣ በልዩ ከሚሰጡ ፈቃዶች በቀር፣ በኤሌክትሪክና በኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች ውስጥ የካድሚየም መጠን ከ0.01 ከመቶ እንዳይበልጥ ይወስናል። ካርቦን በአንጻሩ በየትም የሚገኝና ርካሽ ነው።

እንግዲህ ወደ ስሙ እንምጣ። «ኳንተም ነጥብ» የሚለው ከካርቦኑ በፊት የነበረ ስም ነው። አሌክሴይ ዬኪሞቭ በ1981 በሶቪየት ኅብረት በመስታወት ውስጥ በተፈጠሩ የመዳብ ክሎራይድ ክሪስታሎች ላይ፣ ሉዊስ ብሩስ በ1983 በአሜሪካ በፈሳሽ ውስጥ በተንሳፈፉ የካድሚየም ሰልፋይድ ቅንጣቶች ላይ ያስተዋሉት አንድ ዓይነት ነገር ነበር፤ ቁሱ ሳይለወጥ መጠኑ ብቻ ሲያንስ ከብርሃን ጋር ያለው ግንኙነት ይለወጣል። ሙንጂ ባዌንዲ በ1993 መጠናቸው የተስተካከለ ቅንጣቶችን መሥሪያ ዘዴ አበጀ፤ ሦስቱም በ2023 የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። የነገሩ ምክንያት እንዲህ ነው። ኤሌክትሮን በጣም ጠባብ በሆነ ስፍራ ሲታሰር ሊይዘው የሚችለው ኢነርጂ እንደ መሰላል ርከን ይነጣጠላል። ስፍራው በጠበበ መጠን ርከኖቹ ይራራቃሉ፤ የሚወጣውም ብርሃን ከቀይ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ከካድሚየም ሰሊናይድ የተሠራ ቅንጣት 6 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን ቀይ፣ 2 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠው ስለዚህ ነው።

ስሙም ብቻውን አልመጣም። ኤሌክትሮኑ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲታሰር «ኳንተም ጉድጓድ»፣ በሁለት አቅጣጫ ሲታሰር «ኳንተም ሽቦ»፣ በሦስቱም አቅጣጫ ሲታሰር «ኳንተም ነጥብ» ይባላል። የመጨረሻው ስም በ1980ዎቹ ዓመታት ከማርክ ሪድና ከባልደረቦቹ ሥራ ጋር ተያይዞ የታወቀ ነው። በዚህ ተከታታይ ውስጥ «ነጥብ» ማለት ትንሽ ነገር ማለት አይደለም፤ መንቀሳቀሻ የቀረበት የእስር ስፍራ ማለት ነው። ሦስቱ ስሞች አንድ ላይ ሲነበቡ ትርጉማቸው ይበራል፤ አንዱ ተነጥሎ ሲወሰድ ግን ሐሳቡ ይጠፋል። ስለዚህ በከፊል አስተላላፊ ቁሶች ላይ «ኳንተም ነጥብ» የሚለውን ስያሜ የሚነቅፍ ቃል የለንም። እንዲያውም ጉድጓድና ሽቦ ባሉበት ነጥብም መኖር ይገባዋል እንላለን።

«ኳንተም» የሚለውን ራሱን ለመተርጎም መድከም አያስፈልግም። ቃሉ በላቲን «ስንት» የሚል መጠይቅ ነው፤ ማክስ ፕላንክ በ1900 ካነሣው ሐሳብ ጀምሮ ግን መጠይቅነቱን ትቶ የአንድ ሙሉ የሳይንስ ዘርፍ መጠሪያ ሆኗል። «መጠን» ብንለው ከተራው መጠን ጋር ይምታታል፤ «እሽግ» ብንለው የሱቅ ዕቃ ይመስላል። ኳንተም ይባል።

አስቸጋሪው ቃል «ነጥብ» ነው። እንግሊዝኛ በዚህ ስም የወሰደው የጂኦሜትሪውን ቃል ሳይሆን በብዕር ጫፍ ወረቀት ላይ የሚጣለውን ምልክት ነው፤ ለሁለቱም የተለያዩ ቃላት አሉትና። አማርኛ ግን ለሁለቱ አንድ ቃል ብቻ አለው። በዚያም ላይ ተማሪ የሚያገኘው ውጤት ነጥብ ነው፤ በጨዋታ ሜዳ የሚቆጠረው ነጥብ ነው፤ በስብሰባ የሚነሣው የመወያያ ነጥብ ነው፤ በጽሑፍ ሁለት ነጥብና አራት ነጥብ አለ። ይህ ሁሉ ሸክም የመጣው ከአንድ ሥር ነው። በግእዝ ነጠበ ማለት ተንጠባጠበ ማለት ነው፤ ነጥብም ነጠብጣብም ጠብታም የዚያው ዘር ናቸው። የቃሉ የመጀመሪያ ሥዕል ስፋት የሌለው የጂኦሜትሪ ሐሳብ ሳይሆን ወርዶ ያረፈ እርጥብ ነገር ነበር። ስለዚህ በሥነ ዘር ብቻ ለሚፈርድ ሰው «ነጥብ» ለአንድ ቅንጣት ስም መሆኑ አያስነቅፍም። ችግሩ የዛሬው ተናጋሪ በሥነ ዘር አለማሰቡ ነው። በትምህርት ቤት ነጥብ ርዝመትም ስፋትም የለውም ተብሎ ተምሯል። እንግዲህ በ2018 ከቤይጂንግ ኖርማል ዩኒቨርሲቲ የወጣውን የታወቀ ጥናት ለመተርጎም የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚገጥመው እንመልከት። በዚያ ጥናት የተሠሩት የካርቦን ቅንጣቶች ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያላቸው ናቸው። «ሦስት ማዕዘን ነጥብ» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ የዐሥር ዓመት ልጅ እንኳ የሚታዘበውን ነገር ጽፏል።

ከዚህ የበለጠው ነገር ግን «ኳንተም» የሚለው ቃል ከካርቦን ጋር ሲጣመር የሚያመጣው ነው። ከላይ እንዳልነው የኳንተም ነጥብ መለያው ቀለሙ ከመጠኑ መወለዱ ነው። የካርቦኑ ቅንጣት ብርሃን ግን ከምን ይወለዳል? በዚህ ላይ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። አንዳንዶቹ በቅንጣቱ እምብርት ያለው እንደ ግራፋይት የተደራጀ ካርቦን ኤሌክትሮኖችን አስሮ ነው ይላሉ። ሌሎች ፍካቱ የሚመጣው ከገጹ፣ በገጹ ላይ ከተጣበቁት የኦክስጅንና የናይትሮጅን ቡድኖች ነው ይላሉ። ሦስተኞቹ ደግሞ በብዙ ዓይነቶች ላይ የሚፈካው ቅንጣቱ ሳይሆን በሚሠራበት ጊዜ አብሮ የተፈጠረ ተራ ሞሎኪውል ነው ባይ ናቸው። የዚህ የመጨረሻው ሐሳብ ምሳሌ አስተማሪ ነው። በ2013 በቻይና የጂሊን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲትሪክ አሲድን ከአንድ የአሚን ዓይነት ጋር አሙቀው እስከዚያ ጊዜ ድረስ ያልታየ ብሩህ የካርቦን ቅንጣት ማግኘታቸውን አስታወቁ። በ2015 ከዚያው ዩኒቨርሲቲ በወጣ ጥናት ግን ከዚሁ አሠራር የሚፈካ አንድ ትንሽ ሞሎኪውል ተለይቶ ወጣ፤ የሰማያዊው ብርሃን ትልቁ ድርሻ የእርሱ መሆኑም ተገለጸ። ሞሎኪውል መጠኑ አይለዋወጥም፤ በጠባብ ስፍራ የታሰረ የክሪስታል ኤሌክትሮንም የለውም። በዚያ ምሳሌ «ኳንተም ነጥብ» የሚለው ስም ነገሩን አይገልጥም።

ሁሉም እንዲህ ነው ማለታችን አይደለም። ከላይ በጠቀስነው የ2018 ጥናት ውስጥ የቅንጣቱ መጠን ሲያድግ ቀለሙ ከሰማያዊ ወደ ቀይ ሲሄድ ታይቷል፤ የእያንዳንዱ ቀለም ስፋትም 30 ናኖሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ ለብርሃን አመንጪ ዳዮድ የሚፈለገው ንጹሕ ቀለም ተገኝቷል። በዚያ ስፍራ «ኳንተም» የሚለው ቃል ዋጋውን ከፍሎ የገባ ነው። እንግዲህ አንዱ ስም በአንድ ጥናት የተረጋገጠ ነገር፣ በሌላው ጥናት የታሰበ ነገር፣ በሦስተኛው ደግሞ ልማድ ብቻ ሆኖ ይገኛል። የቀደሙት ጸሐፊዎች ከተከታዮቻቸው ይልቅ ጥንቁቅ እንደ ነበሩም ልብ ማለት ይገባል። በ2006ቱ የክሌምሰን ጽሑፍ ርእስ ላይ «ኳንተም» የገባው የመጠን ቅጽል ሆኖ ነው፤ «ኳንተም ያህል መጠን ያላቸው የካርቦን ነጥቦች» እንደ ማለት ነው። ቅጽሉ ከመጠን ወደ ነጥብ የተዛወረው በኋላ፣ ስሙ ሲያጥር ነው። በአንዲት ቃል መዛወር የመጠን መግለጫ የነበረው የባሕርይ መግለጫ ሆነ።

አማርኛው ይህን ብዥታ ያብሰዋል። «የካርቦን ኳንተም ነጥብ» ሲባል አገናዛቢው «የ» ምኑን እንደሚያገናዝብ አይታወቅም። ከካርቦን የተሠራ ኳንተም ነጥብ ነው ወይስ «የካርቦን ኳንተም» የሚባል ነገር ኖሮ የእርሱ ነጥብ ነው? ለፊዚክስ ሰው ሁለተኛው ትርጉም የለውም፤ ለተማሪው ግን ሁለቱም እኩል ናቸው። (በጽሕፈት ቤት ያደገ አንባቢ ደግሞ ካርቦን ሲባል በመጀመሪያ የሚታየው በሁለት ወረቀት መካከል የሚገባው ሰማያዊ ወረቀት ነው። ይህን ግን ዐውዱ ያቃናዋል።)

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። ተርጓሚ የምንጩን ጸሐፊ የማረም ሥልጣን የለውም፤ ጸሐፊው ኳንተም ካለ ኳንተም ማለት አለበት የሚል ነው። መቃወሚያውን በከፊል እንቀበለዋለን። የአንድ ጸሐፊን ጽሑፍ የሚተረጉም ሰው ጸሐፊው የተጠቀመበትን ስም ቢያንስ አንድ ጊዜ ማስፈር አለበት፤ ያለዚያ አንባቢው ወደ ምንጩ የሚመለስበት መንገድ ይዘጋበታል። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ግን ሌላ ሰው ነው። እርሱ የአንድን ጸሐፊ ቃል አያስተላልፍም፤ ነገሩ በቋንቋው ውስጥ የሚጠራበትን ስም ያቆማል። ያልተፈረደን ክርክር እንደ ተፈረደ አድርጎ በዋና ቃልነት ቢያስገባ ስሕተቱ የምንጩ መሆኑ ይቀርና የእርሱ ይሆናል። በ1989 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ሲታተም ይህ ቁስ ገና አልታወቀም ነበር። ስለዚህ የምንሽረው የቆየ ስያሜ የለም፤ ሜዳው ባዶ ነው፣ ባዶነቱም ዕድል ነው።

እኛ የምናቀርበው ስያሜ «ፈኪ የካርቦን ቅንጣት» የሚል ነው። ካርቦን መሆኑ የታወቀ ነው፤ ቅንጣት መሆኑ የታወቀ ነው፤ መፍካቱም በዓይን የሚታይና ከጥላሸትም ከከሰል ዱቄትም የሚለየው ባሕርይ ነው። በሦስቱ ላይ የሚከራከር ሊቅ የለም። «ቅንጣት» በናኖ ሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ የገባ ቃል ነው፤ ሦስት ማዕዘን ቅንጣት ብንልም ማንንም አናስቅም። አንድ ጊዜ ከተጠቀሰ በኋላ «ፈኪ ቅንጣት» ብሎ ማሳጠር ይቻላል። ምንጩ ቀለሙ ከመጠኑ መወለዱን ሲያረጋግጥ «የካርቦን ኳንተም ነጥብ» በንዑስ ቃልነት ይግባ። ስያሜያችን ረጅም ነው የሚለን ይኖራል። እውነት ነው፤ ከሚያሳስት አጭር ስም ግን የሚያስረዳ ረጅም ስም ይሻለናል።

«ፈኪ» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ብርሃን በሚጻፉ የአማርኛ ጽሑፎች ውስጥ እጅግ የተለመደው ጉድለት «አንጸባረቀ» የሚለውን ግስ ለሁሉ ነገር ማዋል ነው። መስተዋት ያንጸባርቃል፤ የተወለወለ ብረት ያንጸባርቃል፤ ሁለቱም የመጣላቸውን ብርሃን መልሰው ይሰዳሉ እንጂ የራሳቸው ብርሃን የላቸውም። የእኛ ቅንጣት ግን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ውጦ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ወይም ቀይ ብርሃን ያወጣል፤ የገባውና የወጣው አንድ አይደሉም። ይህን ማንጸባረቅ ብሎ የተረጎመ ሰው የሳይንሱን ዋና ነገር ሠርዞታል። በሌላ ወገን ካርቦንና ብርሃን በአንድነት ሲነሡ የአማርኛ ተናጋሪ የሚያስበው ፍምን ነው። የፍም ብርሃን ከግለት የሚመጣ ነው፤ ይህኛው ግን በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ የሚታይ ነው። ከማንጸባረቅም ከግለትም የሚለይ ቃል ያስፈልገናል፤ «ፍካት» ይህን ይሞላል። ፊት ይፈካል፣ አበባ ይፈካል፣ ቀለምም ፈካ ያለ ይባላል፤ በሁሉም ውስጥ ብርሃኑ ከራሱ ከነገሩ የወጣ ይመስላል፣ እሳት ግን የለም።

ከዚህ ተነሥተን ዓይነቶቹን መለየት ቀላል ነው። ብርሃን በመዋጥ የሚመጣው «ብርሃን ወለድ ፍካት»፣ የኤሌክትሪክ ጅረት በማሳለፍ የሚመጣው «ኤሌክትሪክ ወለድ ፍካት» ይባል። «ወለድ» የባንክ ቃል ቢሆንም «ውኃ ወለድ በሽታ»፣ «ሰው ወለድ አደጋ» በሚሉት ጥምረቶች ሕዝቡ ያለ ችግር ተቀብሎታል። ልዩነቱ ለተማሪ ብቻ አይደለም። ዛሬ በየሱቁ «ኪውሌድ» እየተባሉ የሚሸጡት ቴሌቪዥኖች ኳንተም ነጥብ አላቸው ሲባል፣ ነጥቦቹ በኤሌክትሪክ ይፈካሉ ማለት አይደለም፤ ከኋላ ያለ ሰማያዊ ብርሃን እየዋጡ ቀይና አረንጓዴ ያወጣሉ እንጂ። ይህ ብርሃን ወለድ ፍካት ነው። በራሱ በጅረት የሚፈካ ቅንጣት የሚሠራበት ዳዮድ ሌላ መሣሪያ ነው፤ የካርቦን ቅንጣት በሁለቱም መንገድ ተሞክሯል። ሁለቱን በአንድ ቃል የጠራ ተርጓሚ አንባቢው የትኛው እንደ ተሠራ እንዳያውቅ አድርጎታል።

የፍሎረሰንስና የፎስፎረሰንስን ልዩነት ግን በአገር ቃል ለመግለጽ መሞከርን አንደግፍም። «ቅጽበታዊ ፍካት» እና «የዘገየ ፍካት» የሚል ሐሳብ ቀና ይመስላል፤ ችግሩ በዚሁ ዘርፍ ውስጥ «የዘገየ ፍሎረሰንስ» የሚባል ሦስተኛ ነገር መኖሩ ነው። ስሞቹን ተርጉመን ስንጨርስ ሁለቱ አንድ ሆነው እናገኛቸዋለን። ፍሎረሰንት መብራት በየቤቱ የታወቀ ስለሆነ ቃሉ እንግዳ አይደለም፤ እንዳለ ይወሰድ።

ከሁሉ ይልቅ አደገኛ ሆኖ ያገኘነው «የኳንተም ምርት» የሚለው ቀጥተኛ ትርጉም ነው። ምርት በአማርኛ ከማሳ፣ ከፋብሪካ፣ በኬሚስትሪም ከብልቃጥ የሚገኝ ነገር ነው። እዚህ የሚባለው ግን ቅንጣቱ ከዋጣቸው ፎቶኖች ስንቶቹን መልሶ በፍካት እንዳወጣ የሚያሳይ ንጽጽር ነው። በ2013 የጂሊን ተመራማሪዎች ያስታወቁት ቁጥር እስከ 80 ከመቶ የሚደርስ ነበር። ይህን «80 ከመቶ ምርት» ብሎ ያነበበ ሰው ከገባው ሲትሪክ አሲድ አራት አምስተኛው ቅንጣት ሆነ ብሎ ይረዳል። በዚህም ላይ ተመሥርቶ ሒሳብ ቢሠራ፣ ገንዘብ ቢመድብ፣ ሙከራ ቢያቅድ ማን ሊፈርድበት ይችላል? ቃሉ ነው ያሳሳተው። «የፍካት ምጣኔ» ይባል ዘንድ እናቀርባለን። ምጣኔ በሁለት ነገሮች መካከል ያለን ልክ የሚናገር የቆየ ቃል ነው፤ ከማሳም ከብልቃጥም ጋር አያምታታም።

በገጽ ላይ ስለሚሠራው ሥራ አጭር ቃል ብቻ እንጨምራለን። የቅንጣቱ ገጽ ያልተያያዙ ጫፎች ስላሉት የተነሣሣው ኤሌክትሮን ኢነርጂውን በእነርሱ በኩል በከንቱ ያባክናል፤ ስለዚህ ገጹ በሌላ ነገር ይሸፈናል። እንግሊዝኛው ለዚህ ያዋለው ቃል ከሰዋስው ቃል ጋር አንድ ሥር ስላለው «ተገብሮ» የሚል ትርጉም የሚፈትነው ሰው አይጠፋም። ተገብሮ ግን ለግስ ይቅር፤ እዚህ «ገጽ ማስከን» ይበቃል። ሌላ ንጥረ ነገር በጥቂቱ ለሚጨመርበት ደግሞ «የተበከለ» ማለት ነገሩን ይገለብጠዋል፤ የሚጨመረው እንዲበላሽ ሳይሆን እንዲሻሻል ነውና። «ናይትሮጅን የገባበት» ብሎ በግልጽ መናገር ማንን ጎዳ?

አንድ ቃል ግን አማርኛ ከምንጩ ቋንቋ ይልቅ አሳምሮ ይሰጠናል። ፈኪ የካርቦን ቅንጣቶች በፈሳሽ ውስጥ ተበታትነው ሳሉ ደምቀው ይታያሉ፤ ደርቀው ሲከማቹ ግን ብዙዎቹ ይደበዝዛሉ፣ ወይም ጨርሶ አይታዩም። መሣሪያው የሚፈልገው ደረቅ ስስ ሽፋን ስለ ሆነ ለዳዮድ ሠሪዎች ይህ ትልቅ መሰናክል ሆኗል። እንግሊዝኛው እሳትን በውኃ ከማጥፋት የተወሰደ ቃል ይጠቀማል። ነገር ግን ክምችቱ ተመልሶ በፈሳሽ ሲበተን በብዙ ዓይነቶች ላይ ፍካቱ ይመለሳል፤ የጠፋ ነገር ደግሞ አይመለስም። እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ ሲሸፍኑት አጠፉት አይባልም፤ ዳፈኑት ይባላል፤ ጧት ገልጠው ያነዱታልና። «የፍካት መዳፈን» ብንል ከነገሩ ጋር ልክ ይገጥማል።

ስለ ዘርፉ ስም የምንለው ጥቂት ነው። «ብርሃናዊ ኤሌክትሮኒክስ» የሚለው አይጠቅመንም፤ ብርሃናዊ ሲባል ብሩህ ወይም ብርሃን የመሰለ ማለት ነውና ሁለቱን አቅጣጫዎች፣ ማለት ከኤሌክትሪክ ወደ ብርሃንና ከብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚደረገውን ልውጠት፣ አያሳይም። ኦፕቶኤሌክትሮኒክስ ተብሎ በመጀመሪያው አጠቃቀም ላይ ትርጉሙ ይገለጽ። «የፀሐይ ሕዋስ» የሚለውም በተራ ጽሑፍ ባያስቸግር በዚህ ርእስ ያስቸግራል። ፈኪ ቅንጣቶች የሕያዋንን ሕዋስ በማጉያ መነጽር ለማየትም ያገለግላሉና በአንድ ገጽ ላይ የፀሐይ ሕዋስና የጉበት ሕዋስ ጎን ለጎን ሊቆሙ ነው። «የፀሐይ ሴል» ይባል፤ ሕዝቡ ጣሪያው ላይ ያለውን ሰሌዳ «ሶላር» ማለቱን አንከለክልም። «ኃይል»፣ «ጉልበት» እና «አቅም» እንደ ጸሐፊው ስለሚፈራረቁም የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር በስሙ ያጸደቀውን «ኢነርጂ» መያዝና «የኢነርጂ ክፍተት» ማለት ይሻላል።

እስካሁን የተባለው በተግባር ምን እንደሚመስል ለማሳየት ራሳችን ያዘጋጀነውን አንድ ዐረፍተ ነገር በሁለት መልክ እናቅርብ። ቃል በቃል የሄደው እንዲህ ይላል፦ «በናይትሮጅን የተበከሉ የካርቦን ኳንተም ነጥቦች ገጻቸው ተገብሮ ሲሆን 80 ከመቶ የኳንተም ምርት ኖሯቸው ሰማያዊ ብርሃን ያንጸባርቃሉ፤ ሲደርቁ ግን ይጠፋሉ።» በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የማይታወቅ ቃል የለም፤ የሚታወቅም ነገር የለም። «ይጠፋሉ» የሚለውንማ አንባቢው ቅንጣቶቹ ራሳቸው ተነኑ ብሎ ሊረዳው ይችላል። ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ «ናይትሮጅን የገባባቸው ፈኪ የካርቦን ቅንጣቶች ገጻቸው ሲሰክን ከሚውጧቸው መቶ ፎቶኖች ሰማንያ ያህሉን በሰማያዊ ፍካት መልሰው ያወጣሉ፤ ሲደርቁ ግን ፍካታቸው ይዳፈናል።» ሁለተኛው ከመጀመሪያው ብዙ አይረዝምም።

ሳይወሰን የቀረ አንድ ቃል አለ። በዳዮዱ ውስጥ ኤሌክትሮን ከአንድ ወገን ሲገባ ከሌላው ወገን የሚገባው የኤሌክትሮን አለመኖር ነው፤ ሁለቱ በቅንጣቱ ላይ ሲገናኙ ፎቶን ይወጣል። ይህ አለመኖር እንደ ነገር ይሄዳል፣ አዎንታዊ ሙል አለው፣ ፍጥነቱም ይለካል። «ቀዳዳ» የሚለው ትርጉም በቁሱ ላይ የተበሳ ነገር ያስመስለዋል፤ በስስ ሽፋን ላይ እውነተኛ ቀዳዳዎችም ስለሚፈጠሩና መሣሪያውን ስለሚያበላሹ መምታታቱ አይቀርም። «ጎደሎ» ከተባለ ጉድለትን ያሳያል፤ ነገር ግን «ጎደሎው ሄደ» ማለት ለጆሮ ይከብዳል። «ክፍት ቦታ» ተንቀሳቃሽነቱን ይደብቃል። ከሦስቱ ለ«ጎደሎ» እናደላለን፤ ይሁንና በዋና ቃልነት ከመግባቱ በፊት ፊዚክስን በአማርኛ የሚያስተምሩ መምህራን በሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ ጎደሎውን ከግራ ወደ ቀኝ አስኪደው ሊሞክሩት ይገባል።